ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከብሎኩ ጀርባ

ልጄን የወለድኩት ታኅሣሥ ላይ ነው። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው ሰው አንድ ወር ያህል ቤቱን ሞልቶት ቆየ። እናቴ አብራኝ ነበረች። ከዚያ እሷም ወደ ቤቷ ሄደች። አባቴ ስኳር አለበት፤ ከዚህ በላይ ብቻውን ልትተወው አልቻለችም። ባለቤቴማ ሥራ የገባው ገና ድሮ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው። ሦስት ቀን ማለት እኮ ጡቴ ገና በቅጡ ወተት መሙላት የጀመረበት ቀን ነው።

እናም አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንዲት ጨቅላ ጋር ቀረሁ።

የምንኖረው ከተማው ጫፍ ላይ ባለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ በኪራይ። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ልጅ ታቅፎ፣ ቦርሳ አንግቶ አራት ፎቅ ወርዶ መውጣት ለአራስ ወገብ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ አልወርድም። ከውጭ በር ስትከፍቱ ፊት ለፊት የሚያጋጥማችሁ ሌላ የተዘጋ በር ነው። ከበሩ ኋላ ሰው እንዳለ የማውቀው ሽንኩርት ሲቁላላ ስለሚሸተኝ ነው።

አንድ ቀን ማታ ባለቤቴ ገብቶ «እንዴት ዋላችሁ?» አለኝ። «ደህና» ልለው አፌን ስከፍት ድምፄ ሻክሮ፣ እንደታመመ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ከትልቅ ሰው ጋር አንድ ቃል አልተናገርኩም። ከልጄ ጋር አወራ ነበር፤ ግን ያ ሹክሹክታ ነው። ለሕፃን በሹክሹክታ፣ ለራስ በዝምታ። ምክንያቱን የማላውቀው ለቅሶም ነበረኝ፤ በተለይ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ይመጣል። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ይሁን አይሁን አልተመረመርኩም። መመርመር እንዳለብኝም ማን ይነግረኛል?

እኛ አገር አራስ ብቻዋን አትተውም ይባላል። ትራስጌዋ ሥር ቢላ ወይም ሌላ ብረት ይደረጋል፤ ሰው ለአፍታ እንኳ ከአጠገቧ ሲነሳ ሌላ ሰው ይተካል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ክፉ መንፈስ ነው፣ ጥላ ነው ይሉሻል። ድሮ እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ብረቱ ላይ ተሳስተው ይሆናል፤ «ብቻዋን አትተዋት» የሚለው ላይ ግን አልተሳሳቱም።

የወጥ ቤቴ መስኮት ወደ ብሎኩ ጀርባ ያያል። ልብስ የሚሰጣበት ነው። ብረት ተተክሎ ገመድ ተወጥሮበታል። አንድ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ የጡጦ ማሰሮ ስጥድ ወደ ታች አየሁ። አራት ሴቶች ቁጭ ብለዋል፤ አንዷ በጀሪካን ላይ፣ ሁለቱ በብሎኬት ላይ፣ አንዷ በተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ላይ። ጭናቸው ላይ ሕፃናት በሆዳቸው ተኝተዋል፤ ጀርባቸው ራቁት፣ ቅባት ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ልጅ ፀሐይ እያሞቁ ነው።

ሦስት ቀን በመስኮት አየኋቸው። አራተኛው ቀን ወረድኩ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናገር፤ ጽሑፉን የጀመርኩትም ለዚህ ነው። ያን ቀን የወረድኩት ሰበብ ስላገኘሁ ነው። «ብቸኛ ሆኛለሁና አብሬያችሁ ልቀመጥ» ብሎ የሚወርድ ሰው አይቼ አላውቅም። ነውር ነው፣ ያሳፍራል። ሰውም ደንገጥ ይላል። «ልጄን ፀሐይ ላሙቅ» ሲባል ግን ማንም ምንም አይልም። የጤና ባለሙያዎቹም ይመክሩታል፤ ሰውነት ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በፀሐይ ነው፣ ካነሰ የሕፃን አጥንት ይለሰልሳል፣ እግሩም ይቆለመማል። የወረድኩት ለልጄ አጥንት ነው። እንደዚያ ብዬ ነው ለራሴም የነገርኩት።

«ነይ እዚህ ጋ፣ እዚያማ ጥላ ነው» አለችኝ በጀሪካኑ ላይ ያለችው። ተነስታ ጀሪካኑን ለቀቀችልኝ። «ስንት ወር ነች?» ሌላ የጠየቀኝ የለም።

ቀስ በቀስ አወቅኳቸው። ስማቸውን ሳይሆን ልጆቻቸውን ነው ያወቅኩት። የመንትዮቹ እናት። የአንደኛ ፎቅ እናት። የዚያ የሚያለቅሰው ልጅ እናት። እኔም የአራተኛ ፎቅ እናት ሆንኩ። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት የምትመስል ልጅም ነበረች። ሠራተኛ ናት፤ አሠሪዋ ሥራ ስትሄድ ሕፃኑን ይዛ ትመጣለች። መጀመሪያ ላይ ጫፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው፤ ማንም አላገለላትም፣ ራሷ ነች ራቅ ያለችው። ከኛ ሁሉ ይልቅ ልጅ ማስተኛት የምትችለው ግን እሷ ነበረች።

ከሁሉም በላይ የማስታውሰው እማማን ነው። ከመሬት ቤቱ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ የሚያሞቁት ሕፃን የላቸውም፣ ራሳቸውን ነው የሚያሞቁት። አንድ ቀን ልጄን ሳጠባ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ጡቴ ጫፉ ተሰነጣጥቆ፣ ልጅቷ አፏን ባስጠጋች ቁጥር ዓይኔ ውሃ ይሞላል። ሁሉም እናት እንደዚህ ነው ብዬ ዝም ብያለሁ። እማማ አዩኝ። ምንም ሳይሉ ተነስተው መጡና የልጄን አገጭ በአውራ ጣታቸው ዝቅ አደረጉት። አፏ በሰፊው ሲከፈት ከጀርባዋ ደግፈው ወደ እኔ ገፋ አደረጓት። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ሁሉ ጎረሰች። ሕመሙ በአንዴ ቀለለ። «ጫፉን ብቻ አታጥቢያት፣ የኔ ልጅ። ጫፉ ወተት የለውም» አሉኝና ተመልሰው ተቀመጡ። አምስት ሳምንት ሙሉ የተሰቃየሁበት ነገር ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። እናቴ እንኳ አላየችውም፤ እሷ ስታየኝ ጥርሴን አልነክስም ነበራ።

ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ስሙ ከጣሊያን ዘመን የመጣ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራ «ኢንቺስ» ከሚባል ተቋም። «ካዛ» ቤት ነው። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ሰው ስለ ቤቱ አለቀሰ። እኔ ትዝ ያለኝ ቦኖው ነው።

ቦኖውን ላሞካሽ አልፈልግም። ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ ዳገት ወጥቻለሁ፤ የናቴ የወገብ ሕመም ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። ውሃ ቤት ድረስ ሲገባ እልል ያላለ የለም። ግን ወረፋው ላይ የሚቆሙት እናቶች ነበሩ። ጀሪካን እንደ ሰው ይሰለፋል፤ የማን እንደሆነ በክዳኑ፣ በታሰረበት ገመድ ይታወቃል። አንዲት ጎረቤታችን ከወለደች ጥቂት ሳምንት ሆኗት ነበር። ባሏ ለሥራ ክፍለ አገር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ጀሪካኗ ወረፋው ላይ ሳይታይ ቀረ። እናቴ የራሷን ጀሪካን ለእኔ ጥላ ሄዳ በሩን አንኳኳች። ሴትየዋ በትኩሳት ነዳ አገኘቻት፤ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ማንም ሊጠይቃት የሄደ አልነበረም፤ የጎደለው ጀሪካን ነው የተናገረው።

ወፍጮ ቤትም እንደዚያ ነበር። ክትባት ቀንም እንደዚያ ነው፤ አሁንም። ልጄን የ45 ቀን ክትባት ያስከተብኩ ቀን ጤና ጣቢያው ሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። እናቶቹ የሚተዋወቁት በክትባት ነው። «የ45 ቀን ነሽ?» «አዎ፣ አንቺስ?» «የዘጠኝ ወር ነኝ፣ ኩፍኝ።» ነርሷ ለሃምሳ ሰው ብቻዋን ነች፤ መርፌውን ወግታ ካርዱ ላይ ጽፋ «ቀጣይ» ትላለች። ማታ ልታተኩስ እንደምትችል፣ እንዳልደነግጥ፣ የተወጋችበትን ቦታ እንዳላሽ የነገረችኝ አጠገቤ የነበረችው የዘጠኝ ወሯ ናት። ማታ አተኮሳት። አልደነገጥኩም።

መቼም ከሴቶች መሰብሰቢያ ጥሩ ነገር ብቻ ይወጣል የሚል ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ አያውቅም። ሐሜት አለ። ማን የማንን ባል አየ፣ ማን ስንት ተበደረ፣ ሁሉ አለ። የተሳሳተ ምክርም አለ፤ እሱ ከሐሜቱ ይብሳል። ልጄ ሦስት ወር ሳይሞላት አንዷ «አብሽ ውሃ ጀምሪላት፣ ሆዷን ያለሰልስላታል» አለችኝ። እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም እንዳትሰጫት ተብያለሁ። ሌላ ቀን ልጄ ስትስል ደግሞ «እንጥሏ ወርዶ ይሆናል፤ አስቆርጫት፣ የማውቃቸው ሰው አሉ» ተባልኩ። ሁለት ቀን አሰብኩበት፤ አልዋሽም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምንም ያስባል። ያዳነችኝ የመንትዮቹ እናት ናት። «ሂጂ እዚያ! ልጅ ደም ፈሶት ሲሞት አይተሻል? እኔ አይቻለሁ» ብላ ጮኸችባት። ከዚያ በኋላ እንጥል ያነሳ የለም። መጥፎውን ምክር የሰማሁት እዚያው ነው፤ የሚያፈርሰውንም እዚያው። ብቻዬን አራተኛ ፎቅ ሆኜ አንዱን ብቻ በስልክ ብሰማስ ኖሮ?

ይቺ የመንትዮቹ እናት ጉራጌ ናት፤ መንታዎቹን የወለደችው አጣጥ ሆስፒታል ነው። ከወልቂጤ ብዙም አይርቅም። አጣጥ የእናቶች ማቆያ ከብዙ ዓመታት በፊት የጀመረ ሆስፒታል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። መንታ ያረገዘች፣ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ቤቷ ከመንገድ የራቀ ሴት ምጥ እስኪመጣባት ቤቷ አትጠብቅም። ቀኗ ሲቃረብ መጥታ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ትኖራለች። ምጥ ሲጀምራት አዋላጇ በእርምጃ ርቀት ላይ ናት። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች እንዲህ ዓይነት ማቆያ አለ፤ ቡና ይፈላል፣ ገንፎ ይገነፋል። ሴቶች ያለ ቡናና ያለ ገንፎ በባዶ ክፍል አንጠብቅም ስላሉ ነው የተጨመረው ብትሉኝ አምናለሁ።

«ስንት ቀን ቆየሽ?» አልኳት።

«ሃያ ምናምን ቀን። ስለ ምጡ ብዙም ትዝ አይለኝም። ሲቆርጡኝ፣ ሲሰፉኝ... ሄደ። የጠበቅኩት ነው ትዝ የሚለኝ። ሰባት ነበርን። ማታ ማታ አንዷ ምጥ ሲይዛት ሁላችንም አንተኛም።»

ቤቷ ሁለት ሌሎች ልጆች ነበሯት፣ ከብት ነበር፣ አማት ነበረች። በዕድሜዋ ሃያ ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይኖራት ከሴቶች ጋር ቁጭ ያለችበት ጊዜ ያ ብቻ ነው። «ዕረፍት» ብሎ ማን ይፈቅድላት ነበር? ሐኪም ስላዘዘ ብቻ ነው። ይኸው፤ እዚያም ሰበብ።

የእኔ የወሊድ ፈቃድ መጋቢት ላይ አለቀ። ሥራ ገባሁ። መሥሪያ ቤቴ የግል ነው፤ ሕፃን ማቆያ የለውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንኳ በአዋጅ ለሠራተኛ እናቶች ማቆያ እንዲያዘጋጁ ተደንግጓል፤ እህቴ ከምሳ ሰዓት ወርዳ ልጇን አጥብታ ትመለሳለች። ቀናሁባት። እኔ ሽንት ቤት ቆሜ ወተት አልባለሁ። ለማንኛውም የቀረኝ ቅዳሜ ብቻ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ከብሎኩ ጀርባ።

ከዚያ ክረምት መጣ።

አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የላትም። ልብስ እንኳ ሦስት ቀን አይደርቅም። ፀሐይ ስትጠፋ እኛም ጠፋን። ቅር አለኝ፤ ያን ያህል ጊዜ አብረን ተቀምጠን በር የሚያንኳኳ ጠፋ። ግን እኔስ ማንን አንኳኳሁ?

ግቢያችን ውስጥ ኮሚናል አለ። ኮንዶሚኒየሞቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ መሠራት ሲጀምሩ ፎቅ ላይ በግ አይታረድም፣ ድግስ አይደገስም ተብሎ ለተወሰኑ ብሎኮች አንድ አንድ የጋራ ቤት ተሠራላቸው። የኛው ጣሪያውም ግድግዳውም ደህና ነው፤ ቁልፉ ግን ከኮሚቴው ጋር ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ ለአንድ ነጋዴ አከራይቶት ሲሚንቶ ሞልቶበታል። እኔና የአንደኛ ፎቋ ሄደን ጠየቅን። «እናንተ ባለቤት ናችሁ ተከራይ?» ተባልን። ተከራይ ነን። «እንግዲያው አከራዮቻችሁ ይምጡ።»

እማማ ግን ባለቤት ናቸው። ለሴቶች በተለየው 30 በመቶ ዕጣ የደረሳቸው ናቸው፤ የዕጣው ቀን ጋዜጣ ላይ ቁጥራቸውን ያዩበትን መነጽር እስከዛሬ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ስብሰባው ሄዱ። እኔ በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። «በግ ሲታረድበት ዝም ያላችሁ፣ ልጅ ሲጠባበት ነው ነውር የሚሆንባችሁ?» አሉ። ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። ከሳቀ በኋላ እምቢ ማለት ከበደው። ሲሚንቶው ወደ አንድ ጥግ ተገፋ፤ ቅዳሜና ረቡዕ ጠዋት ቁልፉ እንዲሰጠን ተባለ።

እኛም አበላሸነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ እውነቱን ለመናገር። ቢሮ ለምዶብኝ «የእናቶች የውይይት ፕሮግራም» ብዬ ወረቀት አሳትሜ በየመግቢያው ለጠፍኩ። አጀንዳ አወጣሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሴቶች መጡ፤ ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ቀበሌ ስብሰባ ተቀመጡ። «እሺ፣ ማን ይጀምራል?» አልኩ። ማንም አልጀመረም። ሁለተኛው ቅዳሜ አራት። ሦስተኛው ቅዳሜ እኔና እማማ።

እማማ ወረቀቱን ከግድግዳው ላጡት። አጠፉት። «ሰው ተናገሪ ሲባል ይናገራል እንዴ?» አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰፌድ ይዘው መጡ። ያልተለቀመ ምስር። ረከቦታቸውንም የሠራተኛዋ ልጅ ተሸክማላቸዋለች። የመንትዮቹ እናት በበሩ ስታልፍ «ዓይኔ አያይልኝም፣ እስቲ ጠጠሩን አስለቅሚኝ» አሏት። ገባች። የአንደኛ ፎቋ ቡናው ሲቆላ ሸቷት መጣች። ረቡዕ የራሷን ሽምብራ ይዛ መጣች። በወሩ መጨረሻ እዚያ ቤት ውስጥ ያልተለቀመ ጥራጥሬ አልነበረም። የብሎካችን ሽሮ እንደዚያ ክረምት ጠጠር የሌለው ሆኖ አያውቅም።

እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ዓይን ሰፌዱ ላይ ስለሆነ ማንም የማንንም ፊት አያይም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚመጣብኝ ለቅሶ የተናገርኩት ምስር እየለቀምኩ ነው፤ ቀና ሳልል። «እኔን አሥር ሰዓት ላይ ነበር» አለች የአንደኛ ፎቋ፤ እሷም ቀና ሳትል። አንድ ጠጠር አወጣችና ወደ ጎን ጣለችው። ጤና ጣቢያው ባለሙያ እንዳለ፣ እሷም ሁለት ጊዜ ሄዳ እንደነበር የነገረችኝ ያኔ ነው።

ጳጉሜን ላይ ነው፤ ዝናቡ እየቀለለ ነበር። ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። አላውቃትም፤ ከሌላኛው ብሎክ ናት፣ ቅርብ ጊዜ የገባች። ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋለች፤ ሻሿ ሸርተት ብሏል፤ ከፀጉሯ ሥር ላብ ይታያል። ወደ ውስጥ አልገባችም።

«ይቅርታ፤ ጨው ልበደር ብዬ ነው» አለች።

ሱቅ ከብሎካቸው ሥር አለ። ከዚያ እስከዚህ ሦስት ሱቅ ታልፋለች። ማንም አላነሳባትም።

«ጨው አለ፤ ግቢ፣ በሩን ዝጊው ብርድ ነው» አሉ እማማ። የመንትዮቹ እናት ተጠጋችላት። እማማ ከሰፌዳቸው ላይ እፍኝ ምስር ወስደው አንድ ትንሽ ሰፌድ ላይ አፈሰሱና ፊቷ አስቀመጡት። የሠራተኛዋ ልጅ ሕፃኑን ተቀበለቻት። ሴትየዋ ለትንሽ ጊዜ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ መልቀም ጀመረች።

በረካ ጠጥታ ሄደች። ጨዉን ረስታው ነው የሄደችው።